ሕግ የማይጠይቀው ቃል፦ በሥራ ቦታ ስለሚነገር ነቀፋና ስለ ኅሊና ኃላፊነት



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ከሞት በኋላ ስለሚቀረው መታሰቢያ የተነገረ ቢሆንም ለሕያው ሠራተኛም ይሠራል። የሚያርሰው መሬት፣ የሚያዝበት ንብረት ለሌለው፣ በወር ደመወዙ ብቻ ለሚያድር ሰው መልካም ስሙ ዋነኛ ሀብቱ ነው። «እጁ ንጹሕ ነው»፣ «ሥራውን ያውቃል»፣ «አደራ አይበላም» የሚሉት ሦስት አጫጭር ምስክርነቶች የዕለት እንጀራው ናቸው። ከኪሱ ገንዘብ የወሰደበት ሌባ የአንድ ወር ድካሙን ይወስድበታል፤ ስሙን የወሰደበት ግን የሚመጡትን ዓመታት ሁሉ ይወስድበታል። ሌባው ቢያዝ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አፋፍ ነው።

ይሁን እንጂ በሥራ ቦታ ስለ ሰው ክፉ ነገር መናገር አንዳንድ ጊዜ ግዴታ ይሆናል። ኦዲተር ያገኘውን ጉድለት ሊጽፍ፣ የክፍል ኃላፊ የሠራተኛውን ድክመት ሊመዝን፣ ምስክር ያየውን በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሊናገር የተሾመ ወይም የተጠራ ነው። እነዚህ ሁሉ «ስም አጠፋችሁ» እየተባሉ ቢከሰሱ እውነት የሚናገር አይገኝም። ስለሆነም ሕግ ለአንዳንድ ንግግሮች ከለላ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሕግ የማይጠይቀው ቃል ሁሉ በኅሊናና በእግዚአብሔር ፊትም የማያስጠይቅ ነውን?

ሕጉ የሚለው

የሰው ክብርና መልካም ስም በሕገ መንግሥታችን የታወቀ መብት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ይህን ደንግጓል። ከዚያ በፊትም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 እና በተከታዮቹ ስለ ስም ማጥፋት ይናገራል። በዚህ ሕግ መሠረት በሕይወት ያለን ሰው በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት የሚያደርግ፣ እምነት የሚጣልበት መሆኑን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ኃላፊ ይሆናል። ለዚህ ኃላፊነት የመጉዳት አሳብ መኖሩ ግዴታ አይደለም። «ክፉ አስቤ አልተናገርሁም» ማለት ብቻውን ሰውን ነጻ አያወጣውም።

ከለላዎቹ ደግሞ እነሆ። በቁጥር 2047 መሠረት የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው ኃላፊ አይሆንም። በቁጥር 2048 መሠረት ደግሞ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ክርክርና በፍርድ ቤት ሂደት ውስጥ የተነገረ ቃል በስም ማጥፋት አያስጠይቅም። ለምክር ቤት አባላት ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንድንል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሕጉ ለእውነት የሰጠው ከለላ ወሰን የለሽ አይደለም፤ እውነቱን የተናገረው ሌላውን ለመጉዳት ብቻ አስቦ ከሆነ ከለላው ይነሣበታል። ሁለተኛ፣ በቁጥር 2048 የተጠቀሱት ሁለቱ ስፍራዎች ምክር ቤትና ችሎት ናቸው፤ የመሥሪያ ቤት ግምገማ፣ የሠራተኞች ስብሰባ፣ የቡና ሰዓት ወግ በዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም። ብዙ ሰው ግን «በስብሰባ ላይ የተነገረ ነው» ወይም «ግምገማ ነው» በማለት ብቻ ከኃላፊነት የዳነ ይመስለዋል። በችሎት የተነገረውም ቢሆን በሁሉም በኩል የተፈቀደ አይደለም፤ አውቆ በሐሰት የመሰከረ፣ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን ለባለ ሥልጣን የከሰሰ በወንጀል ሕግ ይቀጣል።

የአንድ አናጢ ጉዳይ

በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነቱ ከለላ ትምህርት በሰፊው የዳበረ ሲሆን፣ ለመሠረቱ ከሚጠቀሱት ፍርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1834 የተሰጠው የቱጉድና የስፓይሪንግ ፍርድ ነው። ነገሩ የሥራ ቦታ ነገር ነው። ስፓይሪንግ የአንድ መስፍን ጭሰኛ ነበር፤ ቤቱን ለማደስ ከመስፍኑ ወኪል ዘንድ ቱጉድ የሚባል አናጢ ተላከለት። ሥራው ተበላሸ፤ ስፓይሪንግም አናጢው የመጠጥ ማከማቻውን በር ሰብሮ ገብቶ ሰክሯል ብሎ ጠረጠረ። ይህንኑ ነቀፋ ሦስት ጊዜ ተናገረው። በመጀመሪያ ለራሱ ለአናጢው፣ ሌላ ሠራተኛ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፤ ቀጥሎ አናጢው በሌለበት ለዚያው ሠራተኛ ለብቻው፤ በመጨረሻም አናጢውን ለላከው ወኪል።

ዳኞቹ ሦስቱን ንግግሮች በአንድ ሚዛን አልመዘኗቸውም። ለወኪሉ የቀረበው አቤቱታ በቅን ልቡና እስከተነገረ ድረስ የተጠበቀ ነው አሉ፤ ምክንያቱም ተናጋሪው የሚመለከተው ጉዳይ አለው፣ ሰሚውም ሊያርመው የሚገባ ነው። ለአናጢው ፊት ለፊት የተነገረውም ሌላ ሰው ስለ ሰማው ብቻ ከለላውን አያጣም ተባለ። አናጢው በሌለበት ለሥራ ባልደረባው የተነገረው ግን ከለላ አላገኘም። ባልደረባው ነገሩን ሰምቶ የሚያደርገው አንዳች ነገር አልነበረውምና።

እንግዲህ ያው ነቀፋ፣ ያው ተናጋሪ፣ ያው ጥርጣሬ ነው፤ የተለየው ሰሚው ነው። ከዚህ የምንረዳው ከለላው ለተናጋሪው የተሰጠ የግል ሀብት አለመሆኑን ነው። ከለላው የተሰጠው ለተግባሩ ነው፤ ተግባሩ ባለቀበት ስፍራ ከለላውም ያልቃል።

ሦስት ጆሮዎች

ይህን ወደ ራሳችን ኑሮ እናምጣው። አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አለች እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ጉድለት ተገኘ። የክፍል ኃላፊዋ ለሥራ አስኪያጁ «በቆጠራው ይህን ያህል ዕቃ ጎድሏል፤ ቁልፉ በእርሷ እጅ ነበር፤ ይጣራ» ብሎ ጻፈ። ይህ ተግባሩ ነው። ዝም ቢል ኖሮ አደራውን በበላ ነበር።

በማግስቱ በቡና ሰዓት ለባልደረቦቹ «የግምጃ ቤቷ ጉድ ተሰማ፤ እኔ እንኳ ድሮም ጠርጥሬአታለሁ» አለ። ከእነዚያ ባልደረቦች መካከል ጉድለቱን የሚያጣራ፣ የሚፈርድ፣ ዕቃውን የሚመልስ አንድም የለም። ወሬው የሠራው ነገር ቢኖር ሴትየዋ በማግስቱ በር ስትገባ የሚመለከቷትን ዓይኖች መለወጥ ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሴትየዋ ሥራ ለቀቀች። ሌላ ቀጣሪ ስልክ ደውሎ ጠየቀው። እርሱም ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ስለ እርሷ ባልናገር ይሻላል» አለ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ያ ዝምታ ከክስ ጽሑፍ ይከብዳል፤ ክስ ቢሆን መልስ ይሰጥበታል፣ ለዝምታ ግን ማን መልስ ይሰጣል? ምናልባትም ጉድለቱ በኋላ ሲጣራ የመዝገብ አያያዝ ስሕተት ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል። ያንን ግን ቀጣሪው አልሰማም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ይዘት ሲዘረዝር የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን ነው የጠቀሰው። ስለ ጠባይ፣ ስለ ጥርጣሬ፣ ስለ ቂም አልጠቀሰም። ሕጉ ሠራተኛው የአለቃውን ስሜት በወረቀት ተሸክሞ ከበር ወደ በር እንዲዞር አላስገደደውም ማለት ነው። ወረቀቱ የማይለውን በስልክ የሚያሟላ አለቃ ግን ይህን ጥበብ ያፈርሰዋል።

ከለላው ስለ ማን ተሠራ?

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ከለላ የሚባለው ነገር ባይኖር አይሻልምን?» ይል ይሆናል። አይሻልም። አለቃዋ ያልተገባ ነገር የጠየቃትን አንዲት ወጣት ጸሐፊ አስቡ። ምስክር የላትም፤ በር ተዘግቶ የተደረገ ነገር ነው። አቤት ስትል ማስረዳት ባትችል «ስሜን አጠፋሽ» ተብላ የምትከሰስ ከሆነ አፏን ዘግታ ትኖራለች፤ አለቃውም ነገ ሌላዋን ይጠይቃል። ለባለ ሥልጣን በቅንነት የሚቀርብ አቤቱታ ጥበቃ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ለእንዲህ ያለችው ደካማ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ስለ ወንጀል የሚጠቁሙና የሚመሰክሩ ሰዎች ከአደጋና ከበቀል እንዲጠበቁ የተደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ዝምታ የሚያመጣውን ጥፋት በብዙ አገሮች በኀዘን ተምራዋለች። ሕፃናትን የጎዳ ሰው «ስሙ እንዳይጠፋ» ተብሎ ከቦታ ወደ ቦታ በመልካም ደብዳቤ ሲሸጋገር ሌሎች ሕፃናት ተጎድተዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» በተባለው ደንብ ካህናትና መነኮሳት እንዲህ ያለውን በደል እንዲያመለክቱ ግዴታ ጣሉ፤ ያመለከተውም ሰው እንዳይበቀሉት ከለከሉ። በዚያው ደንብ ውስጥ ደግሞ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ መልካም ስም እንዲጠበቅ ታዝዟል። ሁለቱ አብረው መቀመጣቸው ያስተምረናል፤ ማመልከትና ማማት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ነገር ግን ከለላው ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በቅንነት ተሳስቶ የከሰሰውን ሰው ሕግ ነጻ ሲያወጣው፣ በስሕተት የተከሰሰው ንጹሕ ሰው ጉዳቱን ተሸክሞ ይቀራል። ማኅበረ ሰቡ የፍትሕ በር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ሲል ከአንድ ሰው ስም ቆርሶ ይከፍላል። ይህ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ግን አይደለም። ስለዚህ በከለላ ሥር የሚናገር ሰው ከሌላው ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ለምን ቢባል፣ በሌላ ጊዜ ቃሉን የሚመዝን ዳኛ አለ፤ እዚህ ግን ከራሱ ኅሊና በቀር የሚጠይቀው የለም። ከሳሽ በማይቆምበት ስፍራ ኅሊና የዳኛውንም ሥራ ይሠራል።

የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኞችም ይህን በከፊል ተገንዝበዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በተሰጠ ፍርድ፣ የቀድሞ አሠሪው ታማኝነት የጎደለው አድርጎ በመግለጹ አዲስ ሥራ የተከለከለ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ጉዳይ ቀረበላቸው። ጽሑፉ ሐሰት ቢሆንም በክፋት የተጻፈ ስላልነበረ በስም ማጥፋት ክስ ቢሄድ ከለላው ያሸንፈው ነበር። ዳኞቹ ግን አሠሪው ስለ ሠራተኛው ምስክርነት ሲጽፍ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብለው በቸልተኝነት ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰኑ። ክፋት አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ማጣራትም ያስፈልጋል ማለታቸው ነው።

እውነትም ሐሜት ይሆናል

በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ሥነ ምግባራዊ ትምህርት ከሕጉ አንድ እርምጃ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ ሦስት በደሎችን ይለያል። ያለ በቂ ማስረጃ የሰውን ጥፋት በልብ ማጽደቅ ችኩል ፍርድ ነው። የሰውን እውነተኛ ነውር ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁት መግለጥ ሐሜት ነው። ሐሰት ፈጥሮ ስሙን መጉዳት ደግሞ የሐሰት ስም ማጥፋት ነው። በሕግ ፊት «እውነት ነው» የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩን ይዘጋዋል፤ በኅሊና ፊት ግን ክርክሩን ይከፍተዋል። እውነት ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለማን? ስለ ምን? ምን ያህል?» የሚል ነውና።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። የሰውን ስም የሚቀንስ ቃል ለአስፈላጊ በጎ ነገር ሲባል፣ ተገቢው ሁኔታ ሁሉ ተጠብቆ ከተነገረ ሐሜት አይባልም ብሎ አስተምሯል። ዳኞቹ በአናጢው ጉዳይ የደረሱበትን ድንበር እርሱ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በኅሊና ውስጥ አስምሮታል። በዚህም አላበቃም፤ ሐሜትን ሳይቃወም በደስታ የሚሰማውንም የበደሉ ተካፋይ አድርጎታል። በቡና ሰዓት የተቀመጡት ባልደረቦች እንግዲህ «እኛ ምን አደረግን? ሰማን እንጂ» ሊሉ አይችሉም። ጆሮ የሚከለክለው ባይሆን ምላስ በዚያ ገበያ ባልከበረ ነበር።

መካስ

የመጨረሻውና ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ስለ መካስ ነው። ሕግ ነጻ ያወጣው ሰው የሚክሰው የለውም። በኅሊና ግን የሰውን ስም በግፍ የጎዳ ሰው በምስጢረ ንስሐ ይቅርታ ካገኘ በኋላም የመካስ ግዴታው አይቀርለትም፤ ገንዘብ የሰረቀ ገንዘቡን እንደሚመልስ ማለት ነው።

እንዴት ይካሳል? የተናገረው ሐሰት ከሆነ መንገዱ መራራ ቢሆንም ቀጥተኛ ነው፤ ነገሩን ወደ ሰሙት ጆሮዎች ተመልሶ «የነገርኋችሁ ስሕተት ነበር» ማለት ነው። በስብሰባ ተናግሮ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ካሣ አይደለም። በጽሑፍ የገባው በጽሑፍ ይወጣ፤ በሠራተኛው የግል ማኅደር የተቀመጠ ሐሰተኛ ደብዳቤ ማስተካከያ ካልታከለበት ጸሐፊው ከሞተ በኋላም መናገሩን ይቀጥላል።

የተናገረው እውነት ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እውነትን ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ይህ ሌላ ኃጢአት ይሆናል። ቅዱስ ቶማስ ለዚህም መልስ አለው፤ ሳይዋሽ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ስሙን ይመልስለት ይላል፤ ለምሳሌ «በዚያ ሰው ላይ ያንን መናገሬ በደል ነበር» በማለት፤ ይህም ካልተቻለ በሌላ መንገድ ይካሰው። የሰውየውን በጎ ሥራ በእውነት መመስከር፣ ለሥራ ሲወዳደር ያለውን ችሎታ መናገር፣ ሌሎች ነውሩን ሲያነሡ ወሬውን ማስቆም ከዚህ ይቆጠራል።

ለቁምስናችን የሚሆን

ይህ ሁሉ ለአለቆች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስለን። የሀገረ ስብከት ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ጽሕፈት ቤቶች ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ ያሰናብታሉ፣ ምስክርነት ይጽፋሉ። የቁምስና ምክር ቤቶችም ስለ ሰዎች ይመክራሉ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ያስተማረው ሥርዓት ለእነዚህ ሁሉ ይሠራል፦ በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር፣ በመጨረሻም ለማኅበሩ። ብዙውን ጊዜ እኛ የምንሄደው ግን በተቃራኒው ነው፤ ማኅበሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ ባለቤቱ በመጨረሻ ይሰማል። (ከባድ ወንጀልና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደል ግን ለብቻ ተነጋግሮ የሚዳፈን አይደለም፤ በቀጥታ ለሚመለከተው አካል ይቅረብ።)

መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለሠራተኞችና ለአለቆች ቢያቀርቡ ይጠቅማል። የምናገረውን ነገር አይቻለሁ ወይስ ሰምቻለሁ? የምነግረው ሰው ነገሩን ሊያርም የሚችልና የሚገባው ነውን? ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ እየጨመርሁ ነውን? ሰውየው ራሱ መልስ የሚሰጥበት ዕድል አግኝቷልን? አራቱን በቅንነት የመለሰ ሰው ይናገር፤ ዝምታው በደል ሊሆን ይችላልና። ከአራቱ አንዱን መመለስ ያቃተው ደግሞ ፍርድ ቤት ሊጠይቀው ባይችል እንኳ ይታገሥና ያጣራ።

የሕግ ከለላ እውነትን ለሚመለከተው ሰው ለማድረስ የተዘረጋ መሸጋገሪያ ነው። የተዘረጋው ሰው እንዲሻገርበት ነው፤ ከላዩ ቆሞ በሚያልፈው ላይ ድንጋይ እንዲወረውርበት አይደለም። የባልንጀራችን ስም በአፋችን ያለ አደራ መሆኑን አንርሳ።